በሚዛን ክረምት የኮከብ ትምህርት

በሐምሌ ወር፣ ሚዛን ተፈሪ ላይ፣ ስለ ኮከብ የሚያስተምር ኮርስ መስጠት የማን ሐሳብ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አገሩ ጠዋት ይዘንባል፤ ከሰዓት ያባራ ይመስልና ጉሙ ከቡናው ማሳ ተነሥቶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ሲመሽ እንደገና ይዘንባል። ፀሐይ ራሷ በስም ብቻ በምትታወቅበት በዚህ ወቅት፣ ዲግሪያቸውን ለማሟላት ከየወረዳው ለመጡ የክረምት ተማሪዎች ከተመደቡት ትምህርቶች አንዱ «የሥነ ፈለክ መግቢያ» ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያ ቀን ፕሮግራሙ ሲነበብ ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሥቶ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

አጸደ አልሳቀችም። አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ጌጫ ላይ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሳይንስ ስታስተምር ግማሽ ዕድሜዋን ፈጅታለች። ክፍሉ ውስጥ ካሉት መምህራን አብዛኞቹ ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው፤ እንዲያውም አንዱን ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ እሱ ግን አይቶ እንዳላየ ሆኖ ሌላ ረድፍ ላይ ተቀመጠ። «ማዘር» ይሏታል። ወንበር ይለቁላታል፤ ጭቃ ሲሆን እጇን ይይዟታል። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን በሁለት በሦስት ሆነው አንድ ጃንጥላ ሥር እየተሸጎጡ ሻይ ቤት ይገባሉ። ማዘር መባል ክብር ነው፤ ነገር ግን ክብር አብሮ ሻይ አይጠጣም።

ዶርም ስለ ሞላ አጸደ የተከራየችው ከገበያው በላይ፣ እትዬ ጥሩነሽ ግቢ ውስጥ ካለችው ሰርቪስ አንዲቱን ክፍል ነው። እትዬ ጥሩነሽ የኮረሪማና የዝንጅብል ነጋዴ ናቸው። ክፍሏ ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ ስለ ነበረች ግድግዳው ራሱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ሬዲዮ ቢከፈት አይሰማ፣ መጽሐፍ ቢነበብ ልብ አይሰበሰብ። ጌጫም ቢሆን ብቻዋን ነው የምትኖረው። እዚያ ግን ብቸኝነቷን ሰው ያውቀዋል፤ መንገድ ላይ «መምህርት፣ ዛሬስ ብርዱ አልጎዳሽም?» የሚል አይጠፋም። እዚህ ብቻዋን መሆኗን እንኳ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ወደ ቤት ላለመግባት መንገድ ታረዝማለች። በመናኸሪያው በኩል ዞራ፣ ከቴፒ የሚገባውን ሚኒባስ ቆማ ታያለች። የሚወርዱት ሰዎች ሲታቀፉና ሲሳሳሙ፣ የምትቀበለው ሰው የቀረባት ይመስል ሰዓቷን አይታ ትሄዳለች።

ያን ቀን ያልሳቀችው ስለ አኮረፈች አልነበረም። ኮከብ የሚለው ቃል ለእሷ የሰማይ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ለእሷ ኮከብ ማለት «ኮከባቸው አልገጠመም» የሚል አንድ ወሬ ነው።

በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለች፣ አብሯት የሚያስተምር ዓባይነህ የሚባል ወጣት ነበር። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ደመወዝ ሲቀበል ብርቱካን ይገዛላታል፤ ኳስ ይወድ ስለ ነበር ጨዋታ አለ ከተባለ ቴፒ ድረስ በእግሩም ቢሆን ይሄዳል። ይዋደዱ ነበር፤ ጌጫ በሙሉ ያውቃል። ሽማግሌ ተላከ፤ አባቷም እሺ አሉ። የዓባይነህ እናት ግን ወላጆቻቸው ከሰሜን ይዘውት የመጡት ወግ ነበርና፣ የሁለቱን ልጆች ስምና የእናቶቻቸውን ስም ይዘው ማሻ ወደሚኖር አንድ ቆጣሪ ሄዱ። ቆጣሪው ፊደሎቹን ወደ ቁጥር ለወጠ፣ ደመረ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያለ ገደፈ። የተረፈው ቁጥር የሰውየው ኮከብ ነው። ለእሷ ሚዛን ወጣላት፣ ለእሱ አሰድ፣ አንበሳው። ሚዛን ነፋስ ናት፣ አሰድ እሳት ነው። «ነፋስ እሳቱን ያቀጣጥለዋል፤ ቤቱ ይነዳል፤ ባልየው ዕድሜ አይኖረውም» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ደግመው አልመጡም። ዓባይነህ አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ጠብቆ አገኛትና፣ «ምን ላድርግ አጸድዬ፣ ከላይ የመጣ ነገር ነው» አላት። እሷም እሺ አለችው። የከለከላት ሰው ቢሆን ኖሮ ትጣላው፣ ትከሰው፣ ቢያንስ ስሙን ታጠፋው ነበር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። እሱ በዓመቱ ሌላ አገባ፤ ቦንጋ ተዛወረ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሲገናኙ «ልጆች ደኅና ናቸው?» ትለዋለች፣ «ደኅና ናቸው» ይላታል።

ከዚያ በኋላ የጠየቃት ሰው አልጠፋም። አንድ የግብርና ባለሙያ ነበር፣ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ነጋዴ ነበር። እሷ ግን ነፋስነቷን ተቀብላ ተቀመጠች። ተማሪዎቿን «በሟርት አትመኑ፣ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው» ብላ ታስተምራለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን የሰው ቤት አቃጥላለሁ ብላ የምትፈራ ሴት ናት። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አይነገርም። ቢነገርም ሳይንስ መምህርት ነኝ ባይ ሴት እንዲህ ስትል ማን ያምናታል?

ኮርሱን የሚሰጠው መምህር ማራናታ ሠላሳ ያልሞላው፣ ቀጭን፣ መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ጥቁር በሆነ ቁጥር ሳይናደድ ጠመኔ የሚያነሣ ልጅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ አራት ነጥብ አድርጎ በመስመር አገናኛቸው።

«ይኼ ሊብራ ይባላል። በእኛ ሚዛን።»

«የእኛ ከተማ!» አሉ ተማሪዎቹ፣ አጨበጨቡም። አጸደ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እነዚህ ሁለቱ ደማቆች» አለ ማራናታ፣ «ከዚህ ስታዩአቸው ጎረቤት ይመስላሉ። የአንዱ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ሰባ ምናምን ዓመት ይፈጅበታል። የሌላው ከእጥፍ በላይ ነው። አይተዋወቁም። ሰማይ ላይ ሚዛን የሚባል ዕቃ የለም፤ እዚህ ታች ቆመን መስመር ያሰመርነው እኛ ነን።»

አጸደ እጇን አወጣች። ኮርሱ ከተጀመረ እጇን ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ክፍሉ ዞሮ አያት።

«ታዲያ ነፋስ ናት የሚባለውስ?»

«ማን ናት ነፋስ?»

«ሚዛን።»

ከኋላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ማራናታ ግን አልሳቀም፤ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ወሰደው። «ኮከብ ሁሉ የጋለ ጋዝ ነው፣ እትዬ። እሳት ነው ካሉ ሁሉም እሳት ነው፤ ነፋስ ነው ካሉም ሁሉም ነፋስ ነው። አንዱ ከሌላው በዚያ አይለይም» አላት።

ሰው ከቆየበት ፍርሃት ሲወጣ ደስ ይለዋል ይባላል። አጸደ ግን ተናደደች። በዝናቡ ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ ሄደች። ሁሉም ነፋስ ከሆነ፣ ሁሉም እሳት ከሆነ፣ ያ ሁሉ ዓመት ለምን ነበር? መናኸሪያውንም ሳታይ አልፋው ሄደች።

ማራናታ ለማጠቃለያ የሰጣቸው ሥራ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከከዋክብቱ ስብስቦች አንዱን በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ ምን እንዳየ ለክፍሉ ይናገር። «በዓይን ነው፣ በስልክ አይደለም» አለ። ልጆቹ ተጠቃቀሱ። በሚዛን ክረምት ሰማይ የሚጠብቅ ሞኝ ማን ነው? ስልክ ላይ ሰማዩን የሚያሳይ አፕ አለ፤ ወስዶ ማውራት ነው። አጸደ ግን ያቺን ሚዛን የምትባለዋን በዓይኗ ልታያት ፈለገች። አንድ ሰው ስሙን ብቻ ሲሰማ የኖረውን ባላጋራውን መልኩን ማየት ቢፈልግ አይፈረድበትም። እናም በየምሽቱ፣ ከራት በፊት፣ ጃንጥላዋን ይዛ ግቢው መሐል ትቆም ጀመር።

«አንቺ አጸደ!» አሉ አንድ ምሽት እትዬ ጥሩነሽ ከበረንዳቸው። «ምን ሆነሽ ነው ዝናብ ላይ የምትቆሚው? ቤቱ አፈሰሰብሽ እንዴ?»

«አይ እትዬ፣ ኮከብ እየጠበቅሁ ነው።»

«ምን?»

«ኮከብ። ትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለ ኮከብ እየተማርን ነው።»

እትዬ ጥሩነሽ ወደ በረንዳው ጠርዝ ቀረቡ። «ዩኒቨርሲቲ ኮከብ ያስተምራል?»

«ያስተምራል።»

«እግዚኦ!» ብለው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት አጸደ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ «እንደምን አደሩ፣ መምህርት?» የሚል ድምፅ ሰማች። ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ዞር አለች። ግቢው ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ዕድሜያቸው ስድሳ የሚጠጋው እትዬ ጥሩነሽ፣ ትናንት አንቺ ያሏትን ሴት ዛሬ አንቱ ብለው፣ በሳህን የተቀቀለ ጎደሬ ይዘው ቆመዋል። ከሰዓት ወንበር ወጣላት። ሲመሽ በረንዳው ላይ ከእሳቸውና ከልጃቸው ከዲቦራ ጋር ተቀምጣ፣ ገበያ የሚወጣውን ኮረሪማ ጥሩውን ከመጥፎው እየለየች ትጫወት ጀመር።

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አጸደ አልገባትም ማለት ውሸት ነው። ገብቷታል። «እትዬ፣ የኛ ትምህርት እርስዎ የሚያስቡት አይደለም» ማለት ነበረባት፤ በመጀመሪያው ቀን። ግን ስንት ሳምንት ሙሉ ቃል ሳይወጣው የከረመ አፍ፣ ሰው ሲያገኝ ለማስተባበል አይቸኩልም። ዲቦራ ሳቂታ ናት፤ ስለምትወደው ልጅ ስታወራ ኮረሪማው ከእጇ ይወድቃል። ልጁ ብሩህ ይባላል፤ በቴፒ መንገድ ላይ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል። ሽማግሌ ልኳል፤ መልስ የሚሰጠው የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ነው። አጸደ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ የሆነ ቦታም ወጋት።

አንድ እሑድ እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዲቦራን ወደ ውስጥ ልከው፣ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የልጄንና የብሩህን ኮከብ ይዩልኝ። የድሮዎቹ በጣታቸው ነው የሚቆጥሩት፤ የዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር ነው፣ አይሳሳትም።»

«እትዬ ጥሩነሽ፣ እኛ የምንማረው እሱን አይደለም። እኛ ስለ ርቀታቸው ነው የምንማረው፣ ስለ ሙቀታቸው።»

«እሱን ነው የምለዎ! ርቀታቸውን ይዩልኝ። የልጆቹ ይራራቃል?»

«ማየት አልችልም።»

«ማየት አይችሉም ነው ወይስ መናገር አይችሉም?»

አጸደ ዝም አለች። ትልቁ ስሕተቷ ይህ ነበር። በዚህ አገር ክፉ ነገር በግልጽ አይነገርም። ሰው ሲሞት እንኳ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ይቆያል፤ መርዶው ጊዜ ተመርጦለት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ደግ ነገር ያየ ሰው ደግ አየሁ ይላል፤ ዝም ካለ ያየው አይጠየቅም። እትዬ ጥሩነሽ ቀስ ብለው ተነሡ፣ «እሺ፣ ገብቶኛል» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ ጨዋታ የለም። ሰላምታው አልተቋረጠም፤ እንዲያውም በፊት ከነበረው የበለጠ ዝቅ ያለ ሆነ። ዲቦራ ዓይኗ አብጦ ትውላለች። አጸደም እንደ ገና ቆርቆሮው ሥር ብቻዋን ቀረች፤ አሁን ደግሞ የሚያሳፍር ብቸኝነት ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አንድ ምሽት ሻይ እየጠጣች፣ «እኔም ቀርቶብኛል፤ ይቅርባት» የሚል ሐሳብ በልቧ ሽው አለ። ወዲያው ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከእሷ ይወጣል ብላ አታውቅም፤ ራሷን ፈራች።

በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ማጠቃለያው ቀረበ። ልጆቹ እየተነሡ ያዩትን ተናገሩ፤ አንዱ በዶፍ ዝናብ ማታ ስድስት ከዋክብት መቁጠሩን ተረከ። የአጸደ ተራ ሲደርስ «አላየሁም። በየቀኑ ወጥቼ ነበር፤ ደመና ነው» ብላ ተቀመጠች። ማራናታ ክፍሉን በትዝብት አየ። «ያላየውን አላየሁም ያለ አንድ ሰው ተገኘ» አለ። «እስከ ፈተናው ድረስ ጊዜ አለዎት።» ልጆቹ አቀረቀሩ። እሷም ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ቀና ብላ ሄደች።

የዚያኑ ቀን ማምሻ ላይ ነው ዲቦራ በሩን ያንኳኳችው። አልቀመጥም አለች። ዝናቡ ያባራ ቢሆንም ፀጉሯ ረጥቦ ነበር።

«እትዬ አጸደ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የሚሞተው እሱ ነው ወይስ እኔ?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ማንም አይሞትም። ምንም የሚታይ ነገር የለም።»

«የሚታይ ነገር የለም?» ዲቦራ ግድግዳውን ተደገፈች። «አብረን የሚታይ ዕድሜ የለንም ማለት ነው?»

«እንዲህ አላልኩም! ኮከብ ስለ ሰው አያውቅም ነው የምልሽ። የጋለ ጋዝ ነው።»

«ግድ የለም፣ እኔን ብለው ነው የሚደብቁኝ። ነገ ብሩህ ይመጣል። በቃኝ እለዋለሁ። በእኔ ሰበብ ከሚሞት ሌላ አግብቶ ደኅና ይሁንልኝ።»

ልጅቱ ወጣች። አጸደ ቆማ ቀረች። እውነቱን ተናግራ ነበር፤ አንዲት ሐሰት አልጨመረችበትም። እውነቱ ግን ከአፏ በወጣ ቁጥር መርዶ እየሆነ ልጅቱ ጆሮ ውስጥ ይገባል። «ሌላ አግብቶ ደኅና ይሁንልኝ።» ይህንን ዓረፍተ ነገር አጸደ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ግን በልቧ ስንት ጊዜ እንዳለችው ራሷ ታውቃለች።

ክፍሉ ሲጠባት ወደ ግቢው ወጣች። መሽቶ ነበር፤ እንደ ልማዱ መብራት ጠፍቷል። ከተማው በሙሉ ጨለማ ነው፤ ከታች የባጃጅ መብራት ብቻ ጭቃውን እያበራ ያልፋል። ቀና ስትል ደመናው በደቡብ በኩል ተገምሶ ነበር። ከኮረብታው በላይ አንድ ቀይ ኮከብ፣ ከሱ ሥር ደግሞ እንደ ጅራት የተቆለመመ ረድፍ። ይህ ጊንጡ ነው፤ ዓቅራብ የሚባለው። ማራናታ እንዳለው ከጊንጡ ወደ ምዕራብ ዓይኗን አንቀሳቀሰች። አገኘቻቸው።

ሁለት ነበሩ። ደብዘዝ ያሉ፣ የሚፈልጋቸው ሰው ካልሆነ ማንም ልብ የማይላቸው። አጸደ ተገረመች። ይህችን ነው? ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራት የኖረችው፣ የሰው ጎጆ ታነዳለች የተባለችው ይህች ናት? ትራስ ላይ ተጋድማ የለቀሰችላት፣ የግብርናውን ሰው የመለሰችላት? አንዷ ከሌላዋ ጋር እንኳ አትተዋወቅም። ስለ አጸደም፣ ስለ ዲቦራም፣ ስለ ጌጫም የሰማችው ነገር የለም። አጸደ ደስታም ኀዘንም ያልሆነ ነገር ተሰማት፤ አንድ ሰው ብቻ አጠገቧ ቢኖርና «አየሃት?» ብትለው ተመኘች። ደመናው ተመልሶ ገጠመ።

በቀጥታ ወደ እትዬ ጥሩነሽ በር ሄዳ አንኳኳች። ሻማ ይዘው ከፈቱላት።

«እትዬ፣ አየሁ» አለች። «ያን ቀን ዝም ያልኩት ለመደበቅ አልነበረም። ሰማዩ አልከፈት ብሎኝ ነው። ዛሬ ገና ተከፈተ።»

እትዬ ጥሩነሽ ሻማውን ወደ ፊቷ አስጠጉ። «እና?»

አጸደ መምህርት ናት። ጠዋት ክፍል ውስጥ ላለመዋሸት ብላ ሥራዋን ሳታስረክብ ወጥታለች።

«ገጥሟል።»

«የሁለቱም?»

«የሁለቱም። እንደዚህ የሚገጥም አይቼ አላውቅም።»

እልልታው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ዲቦራ ከማድ ቤት እየሮጠች መጥታ፣ ምን እንደ ተባለ ከእናቷ ፊት አንብባ፣ አጸደ ላይ ተጠመጠመች። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። አጸደን ሰው እንዲህ ካቀፋት ብዙ ጊዜ ሆኖ ነበርና እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ከዚያ ልጅቱ ስልኳን ፍለጋ ወደ ውስጥ በረረች፤ ብሩህ ጋ ልትደውል።

እትዬ ጥሩነሽ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ፤ ከደስታቸው ብዛት አንቱታውንም ረሱት። «አንቺ ልጅ፣ እንዴት አስጨነቅሽኝ! ነገ ጠዋት እኮ ቴፒ ልሄድ ነበር፣ በዚህ ጭቃ፣ በዚህ ጉልበቴ።»

«ቴፒ ምን ሊያደርጉ?»

«ቆጣሪ አለ አሉኝ እዚያ። ያንቺ እንቢ ካለ እሱን ልጠይቅ ነዋ።»

«እሱም አልገጠመም ቢልዎትስ?»

«ቦንጋ እሄዳለሁ። ቦንጋ እንቢ ቢል ማጂ እወጣለሁ፤ እዚያ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አሉ ይባላል።» እትዬ ጥሩነሽ በነገሩ ሳቁ። «እስኪገጥም ነዋ!»

አጸደ የሰማችውን ልብ ለማለት ጊዜ ወሰደባት። «ሌላ ጋ መሄድ ይቻላል እንዴ?»

«ምን ይከለክላል? ልጄ ወዳዋለች እኮ። አንዱን ብቻ ጠይቆ የሚመለስ፣ መልሱን ቀድሞ የፈለገው ሰው ነው።»

አጸደ እንኳን ደስ አለዎት አለች፤ እዚሁ ብዪ ቢሏትም ደክሞኛል ብላ ወጣች። ክፍሏ ገብታ፣ ጭቃ የነካውን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከዋናው ቤት የዲቦራ ሳቅ ይሰማል፤ ስልክ ላይ ሆና፣ አንድ ነገር ደጋግማ ትናገራለች። ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

ሌላ ቆጣሪ ነበር። በዚያን ጊዜም ቴፒ ነበር፣ ቦንጋም ነበር። የዓባይነህ እናት ማሻ ደርሰው ተመለሱ፤ የፈለጉትን ይዘው ነበርና ሌላ አልጠየቁም። አባቷም አልጠየቁም። እሷም በዚህ ሁሉ ዓመት፣ መልሱን ሺህ ጊዜ ስታገላብጠው ስትኖር፣ ጥያቄውን ሌላ ሰው ጋ መውሰድ እንደሚቻል አንድ ቀን እንኳ ወደ ሐሳቧ አልመጣም። አጸደ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ስለ ነበር ማንም አልሰማትም። ኮከቡን ይቅር ብላዋለች፤ ኮከቡ ምን ያውቃል? ዓባይነህ ግን ለኳስ ቴፒ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ነበር።